ቃሉ ከዜማው ሥር፦ የዮሴፍ ሃይድን ሕይወትና ሰባቱ የመስቀል ቃላት

በዕለተ ስቅለት ከቀኑ ስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያለው ጊዜ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ማብራሪያ አያሻውም፤ የሀገራችን የሰዓት አቈጣጠር ከወንጌላውያኑ አቈጣጠር ጋር አንድ ነውና። በእነዚያ ሦስት ሰዓታት ጌታችን በመስቀል ላይ ሆኖ የተናገራቸውን ሰባት ቃላት፣ ሊቃውንት ሰባቱ አጽርሐ መስቀል የሚሏቸውን፣ በየዘመኑ የተነሡ ሰባክያን ሰብከውባቸዋል፤ መምህራንም ተርጕመዋቸዋል። አንድ ሰው ግን ቃላቱን ከዜማ ሥር ሰውሮ፣ አንደበት በሌላቸው መሣሪያዎች ብቻ ሊያሰማቸው ተነሣ። እርሱም ኦስትሪያዊው የሙዚቃ ሊቅ ዮሴፍ ሃይድን ነው። ያለ ቃል መስበክ ይቻላልን? የሚለው ጥያቄ በሕይወቱ ውስጥ ደጋግሞ ስለሚነሣ፣ ለምእመናንና ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ይጠቅማል በማለት ታሪኩን በዚህ እትም እናቀርባለን። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይሏል።

ሃይድን ማርች 31 ቀን 1732 ሮራው በምትባል፣ ከሀንጋሪ ድንበር በማትርቅ የታችኛው ኦስትሪያ መንደር ተወለደ። አባቱ ማቲያስ የሠረገላ መንኰራኵር ሠሪ ነበር፤ እናቱ ማርያ ከማግባቷ በፊት በአንድ መስፍን ቤት በምግብ አብሳይነት ታገለግል ነበር። ከወለዷቸው ዐሥራ ሁለት ልጆች ዮሴፍ ሁለተኛው ነው። አባትየው ኖታ የማያነብ ሰው ቢሆንም ሃርፕ የተባለውን በገና መሰል መሣሪያ በልምድ ይደረድር ስለ ነበር፣ ከሥራ በኋላ ቤተሰቡ በአንድነት ይዘምር ነበር። እናቱ ይህ ልጇ ካህን እንዲሆንላት ትመኝ ነበር። ምኞቷ እርሷ ባሰበችው መንገድ አልተፈጸመም።

ስድስት ዓመት ገደማ ሲሆነው፣ የትምህርት ቤት መምህርና የመዘምራን አለቃ የነበረ ፍራንክ የሚባል ዘመዱ ወደ ሃይንቡርግ ከተማ ወሰደው። በዚያ ቤት የዱላው ብዛት ከእንጀራው ይበልጥ ነበር፤ ልብሱም የሚያጥብለት ሰው አጥቶ ያፍር እንደ ነበር ሃይድን በእርጅናው ዘመን ተናግሯል። ሆኖም በዚያ ሰው ላይ ቂም አልያዘም። የሙዚቃን ፊደል ያስቈጠረው እርሱ መሆኑን ሁልጊዜ ይመሰክር ነበር፤ በኑዛዜውም የፍራንክን ልጅ ሳይረሳ ድርሻ ተወላት። ልጆችን የምናስተምር ሰዎች ይህን ታሪክ በሁለት በኩል ልናነበው ይገባል፤ የተማሪው ቸርነት የመምህሩን ጥፋት አይሽረውምና።

በ1740 ገደማ በቪየና የቅዱስ እስጢፋኖስ ካቴድራል የሙዚቃ ኀላፊ የነበረው ጌኦርግ ሮይተር የልጁን ድምፅ ሰምቶ ወደ መዲናይቱ ወሰደው። ሃይድን በዚያ ታላቅ ካቴድራል ለዘጠኝ ዓመታት ያህል ዘመረ፤ ድምፁ ሲጐረምስ ግን የሚፈልገው ሰው አልነበረም። ከፊቱ የቆመውን የመዘምር ጓደኛውን የጸጕር ጉንጉን በመቀስ ቈርጦ በዚህ ሰበብ እንደ ተባረረ ይተረካል። ሰበቡ ምንም ይሁን ምን፣ ዐሥራ ሰባት ዓመት ገደማ ሲሆነው ቤሳ ቤስቲን ሳይይዝ መንገድ ላይ ቀረ። ከቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ባለ ሕንፃ ጣራ ሥር አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቶ፣ ልጆች እያስተማረና በየቤተ ክርስቲያኑ እየተጫወተ ኖረ። ፖርፖራ የሚባለውን ኢጣሊያዊ የዜማ መምህር እንደ አሽከር እያገለገለ የድርሰትን ጥበብ ከእርሱ ቀሰመ።

ሃይድን ለዓለም ያተረፈው የሙዚቃ ዐይነት የተጀመረው በዚህ የድህነት ዘመን ነው። ፎን ፉርንበርግ የሚባል ባላባት ቫይንትሲርል በተባለው ርስቱ ትንሽ የሙዚቃ ማኅበር ነበረው። ማኅበርተኞቹ የሰበካው ካህን፣ የርስቱ ሥራ አስኪያጅ፣ አልብረክትስበርገር የተባለ የቼሎ ተጫዋችና ራሱ ሃይድን ነበሩ። ባላባቱ ለእነዚህ አራት ሰዎች የሚሆን ሥራ እንዲደርስ ጠየቀው፤ ይህም በ1750ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ገደማ ነው። ሁለት ቫዮሊን፣ አንድ ቪዮላና አንድ ቼሎ ብቻ የሚገኙበት ኳርቴት የሚባለው ቅንብር በእጁ አድጎ፣ እስከ ዕለተ ሞቱ ስልሳ ስምንት ያህል ሥራዎች ደረሰለት። ከመጀመሪያዎቹ አራት ተጫዋቾች አንዱ የገጠር ቆሞስ መሆናቸው በሙዚቃ ታሪክ መጻሕፍት በአንድ መስመር ይታለፋል። እኛ ግን ቆም ብለን ልናየው ይገባል። በኳርቴት ውስጥ በበትር የሚመራ አለቃ የለም፤ አራቱ ሰዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው ይተያያሉ፣ አንዱ ሲተነፍስ ሌላው ይሰማል፣ አንዱ የጀመረውን ሌላው ይቀበለዋል። በቅዳሴያችን ተሰጥዎ ለኖርን ሰዎች ይህ መቀባበል እንግዳ አይደለም።

በ1761 ሃይድን ለኤስተርሃዚ መሳፍንት ተቀጠረ፤ በ1766 የቤተ መንግሥቱ የሙዚቃ ዋና ኀላፊ ሆነ። በዚያ ቤት ሠላሳ ዓመት ያህል በደንብ ልብስ አገለገለ። የትዳር ሕይወቱ የተሳካ አልነበረም። የወደዳት ልጃገረድ ቴረዘ ወደ ገዳም ገብታ መነኰሰች፤ እርሱም በ1760 ታላቅ እኅቷን ማርያ አናን አገባ፤ ልጅም ሰላምም አላገኙም። ከጋብቻው ውጭ ከአንዲት ዘማሪት ጋር የነበረው ግንኙነትም የታወቀ ነው። ሃይድንን ቅዱስ አድርገን ልንሥለው አልተነሣንም።

በኤስተርሃዚ ቤት ሳለ የሆነ አንድ ነገር ግን ለርእሳችን መንገድ ይጠርጋል። በ1772 መስፍን ኒኮላውስ በሀንጋሪ ባሠራው የበጋ ቤተ መንግሥቱ ከልማዱ አልፎ ቆየ። ሚስቶቻቸውንና ልጆቻቸውን በአይዘንሽታት ከተማ የተዉት ተጫዋቾች ናፍቆት ጸናባቸውና ወደ ሃይድን ቀረቡ። እርሱ አቤቱታ አልጻፈም፤ ሲምፎኒ ደረሰ። በመጨረሻው ክፍል ተጫዋቾቹ ድርሻቸውን እንደ ፈጸሙ አንድ በአንድ ሻማቸውን እያጠፉ ተነሥተው ወጡ፤ በመጨረሻም ሁለት ቫዮሊኖች ብቻ ቀሩ። መስፍኑ ምሥጢሩ ገብቶት በማግስቱ ጓዝ እንዲጠቀለል አዘዘ። ኖታውን በጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ያየ ሰው የድምፆቹን መቀነስ ያያል እንጂ እየጨለመ የሚሄደውን አዳራሽ አያይም። የመልእክቱ ግማሽ ያለው በአፈጻጸሙ ውስጥ ነው።

የሃይድን እምነት የዕለት ተዕለት እምነት ነበር። በድርሰቶቹ መጀመሪያ ላይ በጌታ ስም መጀመሩን፣ በመጨረሻቸውም ለእግዚአብሔር ምስጋና ማቅረቡን በላቲን ይጽፍ ነበር። ሐሳብ ሲነጥፍበት መቁጠሪያውን ይዞ በክፍሉ ውስጥ እየተመላለሰ ይጸልይ እንደ ነበር፣ ሐሳቡም ተመልሶ ይመጣለት እንደ ነበር ለወዳጆቹ ነግሯቸዋል። ለቅዳሴ የደረሳቸው ዜማዎች ደስታ ይበዛባቸዋል ብለው የነቀፉት ነበሩ። መልሱ፣ ስለ እግዚአብሔር ሲያስብ ልቡ በደስታ ስለሚሞላ ሌላ ዐይነት ዜማ ሊወጣው እንደማይችል ነበር። ነቀፌታው ሁሉ መሠረት የለሽ ነው ለማለት አንደፍርም፤ ነገር ግን ይኸው ደስተኛ ሰው ስለ ስቅለት እንዲጽፍ በተጠየቀ ጊዜ የሠራውን ስናይ፣ ደስታው ሐዘንን ካለማወቅ የመጣ እንዳልነበረ እንረዳለን።

ጥያቄው የመጣው ከሩቅ ሀገር፣ በደቡብ እስፔን ጠረፍ ከምትገኘው ከካዲዝ ከተማ ነው። ዘመኑም ለሃይድን የቤተ ክርስቲያን ሙዚቃ ደረቅ ዘመን ነበር፤ ንጉሠ ነገሥት ዮሴፍ 2ኛ በኦስትሪያ አብያተ ክርስቲያናት የሚሰማውን በመሣሪያ የታጀበ ዜማ ስለ ገደበ፣ ከ1782 እስከ 1796 ድረስ አንድም የቅዳሴ ዜማ አልደረሰም። በካዲዝ አባ ኾሴ ሳኤንስ ደ ሳንታ ማሪያ የተባሉ፣ ከባለጸጋ ቤተሰብ የተወለዱ ካህን ሀብታቸውን በቅድስት ዋሻ ቤተ ጸሎት ላይ አፍስሰው ነበር። ከመሬት በታች ያለው ክፍል ለጌታ ሕማማት የተሰጠ ነው፤ በላይኛው ክፍል ደግሞ ታላቁ ሠዓሊ ጎያ በኋላ የሣላቸው ሦስት ሥዕሎች ይገኛሉ። በካዲዝ በየዓመቱ ዕለተ ስቅለት የሦስቱ ሰዓታት ጸሎት ይደረግ ነበር። ይህን ጸሎት በ17ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በፔሩ ዋና ከተማ በሊማ ያስጀመሩት አሎንሶ መሲያ የተባሉ ኢየሱሳዊ ካህን ናቸው። ከሥርዓተ አምልኮው ውጭ የሚደረግ የምእመናን ጸሎት ስለ ሆነ መሣሪያ ይፈቀድበት ነበር።

ሃይድን ከጊዜ በኋላ በጻፈው መቅድም ሥርዓቱን እንዲህ ያስረዳል። የቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ፣ መስኮቶችና ዐምዶች በጥቁር ጨርቅ ይሸፈናሉ፤ ከመካከል ከተንጠለጠለ አንድ ትልቅ መብራት በቀር ብርሃን የለም። ስድስት ሰዓት ሲሆን በሮቹ ይዘጋሉ። መግቢያው ሙዚቃ ከተሰማ በኋላ ጳጳሱ ወደ መስበኪያው ሰገነት ወጥተው ከሰባቱ ቃላት አንዱን ያሰማሉ፤ ያብራራሉ፤ ከዚያም ወርደው በመሠዊያው ፊት ይንበረከካሉ። እርሳቸው በተንበረከኩበት ጊዜ ዝምታውን ሙዚቃው ይሞላዋል። ይህም ሰባት ጊዜ ይደጋገማል። ስለዚህ ሙዚቃው የተደረሰው ለተንበረከከ ሕዝብ ነው፤ ቃሉ ተሰምቶ ካበቃ በኋላ በልብ ውስጥ ለሚሠራበት ጊዜ።

ካዲዝን አይቷት የማያውቀው ሃይድን ከባድ ሥራ እንደ ተጣለበት ተገነዘበ። እያንዳንዳቸው ዐሥር ደቂቃ ያህል የሚፈጁ ሰባት ዝግተኛ ክፍሎችን አከታትሎ ሰሚውን ሳያሰለቹ ማቅረብ ቀላል እንዳልሆነ ራሱ ጽፏል። መጀመሪያ ለኦርኬስትራ ደረሰው፤ በ1787 ደግሞ ለአራቱ ባለ አውታር መሣሪያዎች አዘጋጅቶ በቪየና አሳተመው። ክፍያው በወርቅ ሳንቲም የተሞላ ኬክ ሆኖ እንደ መጣ፣ ሃይድንም እስኪቈርሰው ድረስ እንደ ተናደደ የሚተረክ ጨዋታ አለ።

አሁን ወደ ምሥጢሩ እንግባ። በታተመው ኖታ ላይ፣ በየክፍሉ መጀመሪያ በአንደኛው ቫዮሊን ዜማ ሥር የጌታ ቃል በላቲን ተጽፏል። ማንም አይዘምረውም፤ ጉባኤውም አያየውም። የሚያየው ቫዮሊኑን የያዘው ሰው ብቻ ነው። ዜማው ግን በቃሉ ቀለማት ልክ ተቈርጧል፤ ቃሉ በሚረዝምበት ይረዝማል፣ በሚወድቅበት ይወድቃል። በቅኔ ቤት ሰምና ወርቅ ለምናውቅ ሰዎች ነገሩ ቅርብ ነው፤ ሰሙ የቫዮሊኑ ድምፅ፣ ወርቁ ከሥሩ የተጻፈው ቃል ነው። ልዩነቱ በቅኔ ወርቁ የሚወጣው በአእምሮ ሲሆን፣ በዚህ ሥራ ግን ተጫዋቹ ቃሉን በልቡ እያለ በቀስቱ ካላወጣው በቀር ሰሚው አያገኘውም።

የመጀመሪያው ክፍል ለሰቃልያኑ የተለመነው ይቅርታ ነው፤ ዜማው ቍጣ የለበትም። ሁለተኛው፣ ለቀኙ ወንበዴ የተሰጠው ተስፋ፣ ማይነር በሚባለው የሐዘን ስልት ይጀምርና ያው ዜማ ራሱ ሜጀር ወደሚባለው ብሩህ ስልት ተሻግሮ ይፈጽማል። ዜማውን በዚህ መንገድ ማሻገር የዘመኑ ደራስያን ሁሉ የሚያውቁት ጥበብ ነው። ቃሉን ሰምቶ ለተንበረከከ ሰው ግን የተሻገረው ወንበዴው ነው። እመቤታችን ለደቀ መዝሙሩ የተሰጠችበት ሦስተኛው ክፍል ለስላሳ ነው። ስለ መተው የሚናገረው አራተኛው ግን ብርሃን አይጨመርለትም፤ አንደኛው ቫዮሊን ሌሎቹ ዝም ብለው ብቻውን የሚቀርባቸው ቦታዎች አሉ። በቴፕ ወይም በሬዲዮ የሚሰማ ሰው ይህን ብቸኝነት አንድ ድምፅ አድርጎ ያልፈዋል። በቦታው የተገኘ ሰው ግን ሦስቱ ሰዎች ቀስታቸውን አውርደው አራተኛውን ሲመለከቱት ያያል፤ ከአጠገቡ ሆኖ ዝም ያለ ወዳጅ ማለት ምን እንደ ሆነ ይገባዋል።

አምስተኛው የጥማት ቃል ነው። ተጫዋቾቹ ቀስቱን ትተው አውታሩን በጣታቸው ይነካሉ፤ ድምፁ እንደ ውኃ ጠብታ ይንጠባጠባል፣ ከላይ ቫዮሊኑ አጭርና ወራጅ በሆነ ዜማ ጥማቱን ይናገራል። ጠብታው ይሰማል፤ ጥማቱን ግን አያረካም። በስድስተኛው አራቱም መሣሪያዎች በአንድነት አምስት ረዣዥም ድምፆችን ያሰማሉ፤ ሁሉ መፈጸሙን የሚገልጸው የላቲኑ ቃልም አምስት ቀለም ነው። እነዚያው ድምፆች ከዚያ በኋላ እንደ ሕንፃ መሠረት ከሥር እየተመላለሱ ሌላውን ዜማ ይሸከማሉ። በሰባተኛው፣ ነፍሱን ለአባቱ በሰጠበት ቃል፣ በመሣሪያዎቹ ድልድይ ላይ ትንሽ ማፈኛ ይሰካል፤ ድምፁ ይለዝባል፣ ይርቃል፣ እስትንፋስ እንደሚያልቅ ያልቃል። ወዲያውም ያለ ዕረፍት የመሬት መናወጡ ይፈነዳል፤ አራቱ ሰዎች ባላቸው ኀይል ሁሉ እንዲጫወቱ ታዘዋል። ካዲዝ በ1755 የሊዝበን የመሬት መናወጥ ባስነሣው የባሕር ማዕበል የተመታች ከተማ ስለ ሆነች፣ በዕድሜ የገፉት ምእመናን ይህን ክፍል ሲሰሙ ያስታወሱት የማቴዎስን ወንጌል ብቻ አልነበረም ብለን ብንገምት አንሳሳትም።

የኳርቴቱ ቅጂ ከኦርኬስትራው ይልቅ ደካማ ነው የሚሉ አዋቂዎች አሉ፤ መለከትና ከበሮ የሌለበት የመሬት መናወጥ ይቀንሳል ይላሉ። ለዚህ ጸሐፊ ግን አራት ሰዎች ከዐቅማቸው በላይ የሆነውን ነገር ለመናገር ሲታገሉ ማየት ራሱ የትርጕሙ ክፍል ነው። ዛሬም በልዩ ልዩ ሀገሮች በዐቢይ ጾምና በሰሙነ ሕማማት ኳርቴቱ በአብያተ ክርስቲያናት ይቀርባል፤ በየክፍሉ መካከልም የወንጌሉ ቃል ይነበባል ወይም አጭር ስብከት ይሰጣል። ያለ ንባብና ያለ ዝምታ በሙዚቃ አዳራሽ አከታትለው ሲያቀርቡት ግን፣ ሃይድን የፈራው መሰልቸት አንዳንዴ ይደርሳል። ጥፋቱ የሥራው አይመስለንም፤ መንበርከኪያው ተወስዶበት ነው።

ከመስፍን ኒኮላውስ ሞት በኋላ ሃይድን ሁለት ጊዜ ወደ ለንደን ሄዶ ታላቅ ክብርና ሀብት አገኘ። በመንገዱ በፓሳው ከተማ ሲያልፍ ሌላ ሰው ሰባቱን ቃላት ለመዘምራን አዘጋጅቶት ሰማና፣ ራሱ ቢያደርገው እንደሚሻል አስቦ በ1796 ሰው የሚዘምረውን ቅጂ ሠራ። የተሰወረው ቃል በዚህ ተገለጠ። አንዳንዱ ነገር ግን ሲገለጥ ያንሳል፤ ዛሬ ይበልጥ የሚሰማው ቃል የሌለው ኳርቴት ነው። በ1803 የገና በዓል ማግስት በቪየና ለቅዱስ ማርክስ ሆስፒታል ርዳታ ሲባል የመራው፣ በሕዝብ ፊት ለመጨረሻ ጊዜ የመራው ሥራ ግን ይኸው የመዘምራኑ ቅጂ ነበር።

በ1797 ስለ ንጉሠ ነገሥቱ የሚጸለይበትን መዝሙር ደረሰ፤ በዚያው ዓመት ዜማውን በአንድ ኳርቴት መካከል አኖረው። በዚያ ክፍል ዜማው ራሱ አይለወጥም፤ ከአንዱ ተጫዋች ወደ ሌላው ብቻ ይተላለፋል፤ የሚለወጠው የሚከበው ድምፅ ነው። ዜማው ዛሬ የጀርመን ብሔራዊ መዝሙር ነው። በማርች 27 ቀን 1808 ፍጥረት የተባለው ታላቅ ሥራው በቪየና ዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ሲቀርብ፣ ደካማው ሽማግሌ በወንበር ተሸክመውት ገባ። ብርሃን የተፈጠረበት ቦታ ሲደርስ ሕዝቡ በጭብጨባ ተነሣ፤ እርሱም እጁን ወደ ላይ አንሥቶ ከዚያ የመጣ መሆኑን አመለከተ።

በሚቀጥለው ዓመት የናፖሊዮን ሠራዊት ቪየናን በመድፍ ደበደበ። ሃይድን በየዕለቱ ወደ ፒያኖው እየተወሰደ ያንን የጸሎት መዝሙር ይጫወት ነበር። ከወራሪዎቹ ወገን የሆነ አንድ መኰንን ወደ ቤቱ መጥቶ ከፍጥረት አንዱን ዜማ ዘመረለት፤ ሽማግሌውም እያለቀሰ ዐቀፈው። ሜይ 31 ቀን 1809 ዐረፈ። ከተማይቱ በጠላት እጅ ስለ ነበረች ቀብሩ ጥቂት ሰዎች የተገኙበት ነበር፤ ጁን 15 ቀን ግን በስኮቶች ቤተ ክርስቲያን የሞዛርት ጸሎተ ፍትሐት ተዘመረለት።

ከቀብሩ በኋላ የራስ ቅልን በመለካት የሊቅነትን ምሥጢር እናገኛለን የሚሉ ሰዎች መቃብሩን አስከፍተው ራሱን ሰረቁ። ስርቆቱ የታወቀው በ1820 አፅሙ ወደ አይዘንሽታት ሊፈልስ መቃብሩ በተከፈተ ጊዜ ነው። ራሱ ከአካሉ ጋር የተገናኘው በ1954 ነበር። ዛሬ በዚያች ከተማ የተራራ ቤተ ክርስቲያን በሚባለው ቦታ ያርፋል፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ጋር የተያያዘ፣ የጌታን ሕማማት በምስል የሚያሳይ ሰው ሠራሽ የቀራንዮ ኮረብታ አለ። ኮረብታው የተሠራው ሃይድን ከመወለዱ በፊት ሲሆን፣ ለመሳፍንቱ ባገለገለባቸው ዓመታትም በዚያው ከተማ ከቤቱ ሳይርቅ የቆመ ነበር።